ባሩ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ፦ በፎቅ ቤት ዋይፋይ ላይ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ቤታችን ጂ ፕላስ 1 ነው። የ25 ሜጋቢት ፋይበር መስመር አለን፤ ራውተሩ ምድር ቤት ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተቀምጧል። ሳሎን ውስጥ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው። ፎቅ ላይ ግን ቪዲዮ ይንቀራፈፋል፤ ልጄ በኦንላይን ስትማር ድምጿ ይቆራረጣል። ኤክስቴንደር ገዝቼ ፎቅ ላይ ሰካሁ፤ ባሩ ሞላ፣ ፍጥነቱ ግን ባሰበት። አሁን ወይ ፓኬጁን ወደ 50 ላሳድግ፣ ወይ ባለ 6 አንቴና ራውተር ልግዛ እያልኩ ነው። የቱ ይሻላል? 2.4 እና 5 የሚባሉትስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ሁለቱም አያስፈልግዎትም። እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ችግሩ ያለው ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ሳይሆን በሳሎኑና በፎቁ መካከል ባለው ሶሌታ ላይ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ኬብል ነው። አንድ የኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ተነስቶ ፎቅ ኮሪደር ድረስ ይውጣ፣ ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሠራጭ ዕቃ፣ ይቀመጥ። ምናልባት ከኬብሉ ሌላ ምንም መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ የገዙት ኤክስቴንደር ከሥሩ ወይም ከጎኑ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ካለው፣ ብዙዎቹ በአክሰስ ፖይንትነትም ይሠራሉ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ምክንያቱ ከገባዎት ሻጭ የሚነግርዎትንም ራስዎ መመዘን ይችላሉ።

ስልክዎ ላይ ያለው ባር የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልኩ በቅርቡ ካለው ማሠራጫ የሚሰማው ሞገድ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ። ከዚያ ማሠራጫ ወዲያ ስላለው መንገድ ምንም አይናገርም። ኤክስቴንደሩን ፎቅ ላይ ሲሰኩ ባሩ የሞላው ስልኩ ኤክስቴንደሩን ከአጠገቡ ስለሚሰማ ነው። ኤክስቴንደሩ ራሱ ግን ከራውተሩ ጋር የሚነጋገረው ያንኑ ሶሌታ አልፎ በሚመጣው የደከመ ሞገድ ነው። የደከመውን ተቀብሎ በጠንካራ ድምፅ ቢደግመውም በመንገድ የጠፋውን ሊመልሰው አይችልም።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ጉዳት አለ። ዋይፋይ እንደ እድር ስብሰባ ነው፦ በአንድ ቻናል (በአንድ የሬዲዮ መስመር) ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከመላኩ በፊት አየሩን ያዳምጣል፤ ሌላ የሚናገር ካለ ይጠብቃል፤ ጸጥ ሲል በዕጣ የደረሰችውን አጭር ጊዜ ቆጥሮ ይልካል፤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለ ድጋሚ ይልካል። ራውተሩም፣ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ በዚያው ቻናል ላይ ያለው የጎረቤት ራውተርም ተራ የሚጠብቁት በዚሁ መንገድ ነው። በአንድ ቻናል የሚቀበልና በዚያው የሚልክ ኤክስቴንደር እያንዳንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ስለሚያሳልፈው ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ባለ ሁለት ባንድ (2.4ም 5ም ያለው) ኤክስቴንደር በአንዱ ባንድ ተቀብሎ በሌላው ሲልክ ይህ ጉዳት ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ጉዞ ደካማ መሆኑ ግን አይቀየርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ሞገዱ ሲደክም ስልኩና ራውተሩ ስሕተት እንዳይበዛ የመነጋገሪያ ፍጥነታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በ6 ሜጋቢት የሚነጋገር ስልክ፣ በ150 ሜጋቢት የሚነጋገረው የሚልከውን ያህል ዳታ ለመላክ በስሌት 25 እጥፍ የአየር ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ደካማ ስልክ ሳሎን ውስጥ ራውተሩ አጠገብ ያሉትንም ያስጠብቃቸዋል። ልጅዎ ክፍል ላይ ሳለች የሳሎኑ ቴሌቪዥንም አልፎ አልፎ የሚቆም ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

አንድም ብር ከማውጣትዎ በፊት ግን ይለኩ። መለካቱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የሚያስወጣው ነገርም የለም። በመጀመሪያ ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ስፒድ ቴስት ያድርጉ። የ25 ሜጋቢት መስመር 23 ወይም 24 ካሳየ መስመሩ ጤነኛ ነው። እዚህ ላይ ሜጋቢትና ሜጋባይት እንዳይምታቱ፤ 25 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 3 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ፋይል ሲያወርዱ 3 የሚል ቁጥር ቢያዩ ተበድያለሁ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ስልኩ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር ዓይነት መተግበሪያ ይጫኑ። በአንድሮይድ ብዙ ነጻ አማራጭ አለ፤ በአይፎን ደግሞ ኤርፖርት ዩቲሊቲ የሚባለውን ጭነው ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የእሱን ዋይፋይ ስካነር ማብራት ይቻላል። መተግበሪያው የሞገዱን ጥንካሬ በዲቢኤም ያሳያል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይጠነክራል። ራውተሩ አጠገብ -30 እስከ -40 ያያሉ። እስከ -67 ድረስ የቪዲዮ ጥሪ ያለ ችግር ይሄዳል። -70 ላይ ድር ገጽ ይከፈታል፣ ጥሪ ግን መቆራረጥ ይጀምራል። ከ-80 በታች ስሙ ይታያል እንጂ አይሠራም። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መስሎ እንዳያታልልዎ፦ የዚህ መለኪያ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ዲሲቤል ነው፤ በየ3 ዲሲቤሉ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ 10 ሲወርድ አንድ አሥረኛ ይሆናል፣ 20 ሲወርድ አንድ መቶኛ።

ፎቅ ላይ የልጅዎ ጠረጴዛ ባለበት ቦታ ቆመው ኤክስቴንደሩን ነቅለው ይለኩ። የእንጨት በር 3 ወይም 4 ዲሲቤል ብቻ ይወስዳል። የብሎኬት ግድግዳ ከዚያ ይበልጣል። ፌሮ በጥልፍልፍ የታሰረበት የአርማታ ሶሌታ ግን እንደ ውፍረቱ 15፣ 20 እና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ ይብሳል። በዚህ ላይ ቴሌቪዥኑ ራሱ ከራውተሩ ፊት የቆመ የብረት ሳህን ነው፤ ትልቅ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን፣ የቆርቆሮ ግድግዳና ውሃ የሞላ ሮቶም እንደዚሁ ሞገዱን ይመልሱታል ወይም ይውጡታል።

የመጨረሻው ልኬት ፒንግ ነው፤ አጭር መልእክት ልኮ ምላሹ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ መለካት ማለት ነው። ፎቅ ላይ ሆነው ወደ ራሱ ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1፣ ፒንግ ያድርጉ። ምላሹ ከ2 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ውስጥ በተከታታይ ከመጣ አየሩ ደኅና ነው። አንዴ 5፣ አንዴ 180፣ አንዴ ጭራሽ የማይመለስ ከሆነ መልእክቱ የሚጠፋው ገና ከቤትዎ ሳይወጣ ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ፓኬጁን ወደ 50 ቢያሳድጉ ለሳሎኑ ካልሆነ በቀር ለፎቁ የሚደርስ ነገር አይኖርም።

ወደ አንቴናው ልምጣ። ራውተር ላይ የሚታዩ 6 አንቴናዎች ሞገዱን 6 እጥፍ አያርቁትም። አንዳንዶቹ ለ2.4፣ አንዳንዶቹ ለ5 ናቸው፤ ብዛታቸው በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚላኩ ጅረቶችን ለመጨመር ነው፤ አብዛኛው ስልክ ደግሞ ከሁለት ጅረት በላይ አይቀበልም። የማሠራጫው ኃይልም በሕግ የተገደበ ነው፤ በአውሮፓ ለምሳሌ በ2.4 ላይ ጣሪያው 100 ሚሊዋት ነው። ራውተሩ ከፍ አድርጎ ቢናገር እንኳ ንግግሩ የሁለት ወገን ነው፤ ትንሽ ባትሪ የያዘው ስልክ ከራውተሩ ባነሰ ኃይል ስለሚመልስ፣ ልጅዎ መምህሯን እየሰማች መምህሯ እሷን የማይሰማበት ሁኔታ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሞገዱን የሚረጨው መሬት ላይ እንደተጋደመ ጎማ ቅርጽ ወደ ጎን ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ጥቂት ነው። አንቴናው «ትልቅ ጌን» (ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ የማሰባሰብ አቅም) አለው በተባለ ቁጥር ጎማው እየተዘረጋና እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለሰፊ ግቢ ይጠቅም ይሆናል፣ ለፎቅ ግን ከበፊቱ ሊያንስ ይችላል። ኬብሉ እስኪዘረጋ ድረስ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ አውጥተው ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በደረጃው በኩል ያስቀምጡት፤ አንዱንም አንቴና በጎን ያጋድሙት። ይህ ብቻውን ጥቂት ዲሲቤል ሊመልስልዎት ይችላል።

2.4 እና 5 የሚባሉት የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው፣ በጊጋኸርዝ። የ2.4 ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ግድግዳ በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ፣ ብሉቱዝና የጎረቤት ራውተር ሁሉ የሚጋፉበት ነው። የ5 ሞገድ ከዚያ በግማሽ ያጠረ ነው፤ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ መንገዱ ግን ሰፊና ንጹሕ ነው። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ 5 ይመረጣል፣ ግድግዳ አልፎ ሩቅ ለመድረስ 2.4።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮችም ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የመጀመሪያው የ802.11 (የዋይፋይ) ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ 2 ሜጋቢት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999፣ 11 እና 54 ሜጋቢት የሚሰጡት ቢ እና ኤ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ኤን መጣ፤ በ2013 ኤሲ፤ በ2021 ኤኤክስ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ አሁን ዋይፋይ 4፣ 5 እና 6 ይባላሉ። «ኤሲ 1200» የሚል ራውተር ሲያዩ በ2.4 ላይ ያለውን 300 እና በ5 ላይ ያለውን 867 ደምረው ያጠጋጉት ነው። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ተራ መጠበቁና «ደርሶኛል» መባባሉ ሲቀነስ ደግሞ በተግባር የሚደርሰው የግማሹ ያህል ነው። ያም ሆኖ ለ25 ሜጋቢት መስመር ከበቂ በላይ ነው።

ቻናል ሲመርጡ በ2.4 ላይ 1፣ 6 ወይም 11 ብቻ ይጠቀሙ። ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ተራርቀው ሳለ አንድ ማሠራጫ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሚይዝ፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሄዱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ባዶ መስሎ የታየዎትን 3ን ቢመርጡ ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫሉ፤ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ተሰማምተው ተራ ይጠብቃሉ፣ በግማሽ የተደራረቡ ግን አንዱ ለሌላው ጩኸት ነው የሚሆንበት። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ ይተዉት፤ 40 ማድረግ በ2.4 ላይ ጎረቤትንም ራስንም መጉዳት ነው። በ5 ላይ ከ36 እስከ 48 ያሉትን ያስቀድሙ፣ ስፋቱ 80 ይሁን፤ በኮንዶሚኒየም ዓይነት ራውተር በበዛበት ሕንፃ ግን 40 ይሻላል። ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሯቸው ናቸው፤ ራውተሩ ቢያንስ 60 ሰከንድ ሳያዳምጥ እዚያ መሥራት አይጀምርም፣ ራዳር የሰማ ሲመስለውም ወዲያው ቻናል ስለሚለውጥ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ኬብሉ። መንገዱን በገመድ ይለኩት፤ በጂ ፕላስ 1 ቤት በደረጃው በኩል ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሜትር ይሆናል፤ 30 ይግዙ። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን ይዞ ይሄዳል፤ ስለ ርዝመት አይጨነቁ። ካት 5ኢ ይበቃል፣ ካት 6 ከተገኘ የተሻለ ነው። ሲገዙ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ይፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ያለው ቶሎ ይሰበራል፣ ኃይል ሲተላለፍበትም ይሞቃል፤ ርካሽ ቢሆንም አይውሰዱት።

ኬብሉን ከ220 ቮልት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ አያስገቡ። ጎን ለጎን መሄዱ ግድ ከሆነ 30 ሴንቲሜትር ያህል ያርቁት፤ መሻገር ካለበት በመስቀል ይሻገር። በውጭ ግድግዳ የሚወጣ ከሆነ ለፀሐይ የተሠራውን ጥቁሩን ይግዙ፤ የቤት ውስጡ ሽፋን ፀሐይ ላይ ይሰነጣጠቃል። ቀዳዳው ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ብሎ ይበሳ፤ ኬብሉም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይንጠልጠል፤ የክረምት ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ይህ እጥፋት ነው።

ጫፉን ሲያስሩ የመሰኪያው ምላስ ወደ ታች፣ ኬብሉ ወደ እርስዎ ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። «ሁለቱም ወገን ከተመሳሰለ የትኛውም ቀለም የትም ቢገባ ይሠራል» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ አይቀበሉት። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት ጩኸትን እርስ በርሳቸው እንዲያጠፉ ነው፤ በ3ኛውና በ6ኛው ቦታ ላይ ያሉት የአንድ ጥንድ ልጆች ካልሆኑ በአጭር ኬብል ሠርቶ በ25 ሜትር ላይ ይቆራረጣል። በተራ መሞከሪያም መብራቶቹ ሁሉ ስለሚበሩ ስሕተቱ አይታይም።

ፎቅ ላይ የሚቀመጠው አሮጌ ራውተር ወይም ኤክስቴንደር ከሆነ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ካለው እሱን ይምረጡ፣ ያበቃል። ምርጫው ከሌለው ራውተር እንዲህ ይደረጋል፦

1. ከዋናው ራውተር ጋር ሳያገናኙት በፊት ላፕቶፕ በኬብል ሰክተው የማስተካከያ ገጹን ይክፈቱ።
2. አድራሻውን ይለውጡ፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህኛው 192.168.1.2 ይሁን። ዋናው ለስልኮች ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውስጥ አለመሆኑን ያረጋግጡ።
3. ዲኤችሲፒ የሚለውን (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን) ያጥፉ።
4. የዋይፋይ ስሙን፣ ፓስወርዱንና የጥበቃ ዓይነቱን ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉ። ቻናሉ ግን ይለይ፤ ታች 1 ከሆነ ላይ 6 ወይም 11።
5. ከታች የመጣውን ኬብል ላን ከተባሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ፤ ዋን በተባለው አይሰኩት።

ሦስተኛውን ከዘለሉ ሁለት አድራሻ አዳይ በአንድ ቤት ይሆናሉ፤ አንዳንዱ ስልክ በትክክል ይሠራል፣ አንዳንዱ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ ችግሩም አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ ያደክማል። ኤክስቴንደሩን በኬብል ካገናኙት በኋላ የአየር ግንኙነቱን ማጥፋት አይርሱ፤ በሁለቱም መንገድ ከተገናኘ መልእክቱ በክብ እየዞረ መላውን ኔትወርክ ሊያቆም ይችላል።

ከሳሎን ወደ ፎቅ ሲወጡ ወደ ላይኛው የሚዘዋወረው በስልኩ ውሳኔ ነው፣ በራውተሩ አይደለም። ብዙ ስልኮች የያዙት ሞገድ -70 አካባቢ ካልደረሰ ሌላ አይፈልጉም። ስልኩ ፎቅ ወጥቶም የታችኛውን ሙጥኝ ካለ በታችኛው ራውተር የ2.4 የማሠራጫ ኃይሉን ወደ መካከለኛ ዝቅ ያድርጉት።

አዲስ አክሰስ ፖይንት የሚገዙ ከሆነ ኃይሉን በኔትወርክ ኬብሉ በኩል የሚቀበለውን፣ ፒኦኢ የሚባለውን ይምረጡ። ፎቅ ላይ ሶኬት አያስፈልገውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ታች ያለው የመጠባበቂያ ባትሪ ሁለቱንም ይይዛል። ትንንሾቹን ባለ 12 ቮልት መጠባበቂያዎች ሲገዙ አስቀድመው የራውተሩን ቻርጀር ጽሑፍ ያንብቡ፤ ሁሉም 12 ቮልት አይደሉም፣ 9 ቮልት የሆኑም አሉ። ፒኦኢው የሚጠይቀው ቮልቴጅም ከመጠባበቂያው ጋር መግጠሙን ሻጩን ይጠይቁ። 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለው ቁጥር በ3.7 ቮልት የተሰላ ከሆነ በውስጡ ያለው 37 ዋት-ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ተቀንሶ 10 ዋት የሚበላ ዕቃ ለ3 ሰዓት ያህል ያቆያል።

ኬብል በምንም መንገድ ካልተቻለ ኤክስቴንደሩን ከክፍሉ አውጥተው ደረጃው አጋማሽ ላይ፣ የራውተሩ ሞገድ ከ-60 እስከ -65 በሚነበብበት ቦታ ይሰኩት። እንደ ኬብል አይሆንም፤ ከአሁኑ ግን በብዙ ይሻላል።

የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፍተው ሳለ ጥበቃውንም ያስተካክሉ። ደብልዩፒኤ 2 በኤኢኤስ ወይም ደብልዩፒኤ 3 ይሁን፤ ቲኬአይፒ የሚለው ከተመረጠ ደካማ ከመሆኑም በላይ ፍጥነቱ 54 ሜጋቢት ላይ ይቆማል። ደብልዩፒኤስ የሚባለውን፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ በአጭር ፒን የሚያገናኘውን፣ ያጥፉት። ባለ 8 አሐዙ ፒን በሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመርና የመጨረሻው አሐዝ ከሌሎቹ ስለሚሰላ፣ ሰብሮ ለመግባት 11,000 ሙከራ ቢበዛ ይበቃል።

ሁሉም ሲያልቅ ወደ ልጅዎ ጠረጴዛ ተመልሰው ይለኩ። -45 እስከ -60 መካከል፣ ስፒድ ቴስቱም ከ20 በላይ መሆን አለበት። የቪዲዮ ጥሪ ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት፣ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ገደማ ነው የሚጠይቀው፤ 25 ለአንድ ቤተሰብ በቂ ነው። ፓኬጁን ማሳደግ የሚያስፈልገው ማታ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት በኬብል ለክተው መስመሩ እስከ ጫፉ ተሞልቶ ካገኙት ነው።